«ኦሪጅናሉን ስጪኝ»፦ ስለ ርካሽ መድኃኒት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ ለሚውል ሰው በቀን ስንቴ እንደምትሰማ የማትቆጠር አንዲት ነገር አለች፣ «ኦሪጅናሉን ስጪኝ» የምትል። ችግሩ ያለው ቃሏ ላይ ነው፣ ስም ያለውን ውዱን ኦሪጅናል ካልነው ርካሹ ማንም ሳይናገር ፎርጅድ ሆኖ ይቀራል፣ ለታመመ ዘመዱ ፎርጅድ ይዞ መግባት የሚፈልግ ደሞ የለም፣ እውነቱን ነው። ስለዚ ኪሱን አራግፎ ውዱን ይገዛል፣ ካልሞላለት ደሞ የአስር ቀኑን ብቻ ገዝቶ ይሄድና በዛው ያቆማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ደጋግሜ ምሰማቸውን እስቲ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ርካሹ ጥራቱ የወረደ ነው»

አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ ካምፓኒው ለሽያጭ ያወጣለት ነው፣ ብራንድ የምንለው፣ ሊፒተር፣ ኖርቫስክ፣ ግሉኮፋጅ፣ ቮልታሬን ምናምን። ሌላው የንጥረ ነገሩ ስም ነው፣ በቅደም ተከተላቸው አቶርቫስታቲን፣ አምሎዲፒን፣ ሜትፎርሚን፣ ዳይክሎፌናክ። ሆድ ውስጥ ገብቶ ስራ የሚሰራው ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያው ከሳጥኑ ጋር ይጣላል። ጄነሪክ የምንለው ያው ንጥረ ነገር፣ በዛው ዶዝ፣ በዛው አወሳሰድ፣ ሌላ ካምፓኒ የሰራው ነው።

ታድያ ለምን ረከሰ? መጀመሪያ ያወጣው ካምፓኒ ለዓመታት በእንስሳ ከዛም በብዙ ሰው ላይ ሞክሮታል፣ ሞክሮ ያልተሳኩለትንም መድኃኒቶች ወጪ በዚሁ ላይ ጭኖ ነው ሚሸጠው፣ ፓተንቱ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳይሰራው የሚከለክለው መብት፣ ደሞ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይጠብቀዋል፣ በነዛ ዓመታት ተፎካካሪ የለበትም። ፓተንቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ይገባሉ፣ እነሱ መድኃኒቱ እንደሚሰራ ከዜሮ ጀምረው ማሳየት አይጠበቅባቸውም፣ የነሱ ምርት ደም ውስጥ የሚገባው እንደ መጀመሪያው መሆኑን ነው ሚያሳዩት። አሜሪካ ይሄን መንገድ በ1984 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው) በሕግ ከፈተችው፣ ሌላውም አገር የራሱ አለው። ከዛ አምስት ስድስት አምራች አንድ መድኃኒት ላይ ሲሻማ ዋጋው ይወርዳል፣ በቃ ይሄው ነው። እንደውም አንዳንዴ ያው ባለ ብራንዱ ካምፓኒ ራሱ ያንኑ ኪኒን ያለ ስሙ አሽጎ በርካሽ ይሸጠዋል።

«ጄነሪክ እስከ 20 ፐርሰንት ሊያንስ ይችላል ተብሏል»

ይቺ የተማረ ሰው ስህተት ናት። የመጣችው ጄነሪክ ከብራንዱ እኩል መሆኑ ሲፈተን ከሚታዩ 80 እና 125 ፐርሰንት ከሚሉ ሁለት ቁጥሮች ነው። ሰው «80 ፐርሰንት ብቻ ቢኖረውም ያልፋል ማለት ነው» ብሎ ይረዳዋል፣ ግን ቁጥሮቹ ኪኒኑ ውስጥ ስላለው መጠን አይደለም ሚያወሩት። በጎ ፈቃደኞች ሁለቱንም በየተራ ይወስዳሉ፣ ደማቸው ይለካል፣ ጄነሪኩ ደም ውስጥ የገባው የብራንዱን ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ይሰላል፣ ከዛ ስሌቱ ወዲያና ወዲህ ሊሳሳት የሚችልበት ስፋት በሙሉ፣ ከታች ጫፉ እስከ ላይ ጫፉ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መሀል መግባት አለበት። ይሄ እንዲሆን አማካዩ ወደ 100 የተጠጋ መሆን አለበት፣ 80 ላይ የቆመ ነገር የታች ጫፉ ስለሚወጣ ይወድቃል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ1996 እስከ 2007 ያያቸውን 2,070 ጥናቶች ሰብስቦ ሲያሰላ ደም ውስጥ በሚገባው ጠቅላላ መጠን ላይ በጄነሪኩና በብራንዱ መሀል የተገኘው አማካይ ልዩነት 3.5 ፐርሰንት አካባቢ ነበር።

«ቀይሬው አልሰራልኝም፣ በራሴ አይቻለሁ»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰውየው አልዋሸም። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ላይ 82 ጤነኛ ሰዎች ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት እየተሰጣቸው አዲስ የህመም ማስታገሻ ነው ተብለው ኪኒን ዋጡ። ለግማሾቹ አንዱ ፍሬ 2.50 ዶላር ነው ተባሉ፣ ለግማሾቹ ደሞ ዋጋው ቀንሶ 10 ሳንቲም ሆኗል ተባሉ። ኪኒኑ ለሁሉም አንድ ነው፣ ውስጡም ምንም መድኃኒት የለበትም። ውድ ነው ከተባሉት 85 ፐርሰንቱ ህመሜ ቀነሰ አሉ፣ ርካሽ ነው ከተባሉት 61 ፐርሰንቱ። ምንም በሌለበት ኪኒን! ስለዚ ሳጥኑ ተቀይሮ፣ ቀለሙ ከነጭ ወደ ቢጫ ሄዶ፣ ከዛ ላይ ባለ ፋርማሲዋ ፊቷን ቋጠር አርጋ «ብራንዱ የለም፣ ይሄን ውሰድ» ብላ ከሰጠችው፣ ራስ ምታቱ ቢብስበት አይገርመኝም። (ጥፋቱ የኛም ነው ማለቴ ነው።)

ግን ሁሉንም ስሜት ነው ብዬ ብዘጋው ደሞ እዋሻለሁ። አሜሪካ ውስጥ ለድብርት የሚሰጠው ቡፕሮፒዮን፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ባለ 300 ሚሊግራሙ፣ አንዱ ጄነሪክ ላይ ሕመምተኞች ለዓመታት አልሰራልንም ሲሉ ቆይተው በ2012 ሲለካ እውነትም ከብራንዱ እኩል እንዳልሆነ ታውቆ ከገበያ ወጥቷል። ሕመምተኞቹ ልክ ነበሩ። ሌላም አለ፣ በሚያድነው መጠንና በሚጎዳው መጠን መሀል ያለው ርቀት ጠባብ የሆነ መድኃኒት፦ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ የታይሮይዱ ሌቮታይሮክሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም፣ ኩላሊት የተተካለት ሰው የሚወስደው ታክሮሊመስ። እነዚህ ላይ ጄነሪክ ክፉ ነው አይደለም ሚባለው፣ አንዱን አምራች ከያዛችሁ በየወሩ አታፈራርቁ፣ ከቀየራችሁም ለሐኪሙ ተናገሩና ምርመራ ይደገም ነው። ደሞ ማጣበቂያውና ቀለሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ወይ የሆነ ቀለም የማይስማማው ሰው ከመቀየሩ በፊት ይጠይቅ።

«ዶክተሩ የጻፈው ሌላ አማራጭ የለውም»

ብዙ ጊዜ አለው፣ ግን መጠየቅ ያለበት እሱ ራሱ ነው፣ እኔ ሌላ ንጥረ ነገር በራሴ ልቀይርላችሁ አልችልም። የጨጓራ መድኃኒት እንይ። ኢሶሜፕራዞል ማለት ኦሜፕራዞል ውስጥ እንደ ግራና ቀኝ እጅ መስታወት ለመስታወት ሚተያዩ ሁለት ቅርጾች አሉ፣ አንዱ ብቻ ተለይቶ ወጥቶ ነው አዲስ መድኃኒት የተባለው። ለብዙ ሰው ጨጓራ አሮጌው ይበቃል።

«አዲስ የወጣ ይሻላል» የሚለውም እዚሁ ይገባል። በ2002 የወጣ፣ ከ33 ሺ በላይ የደም ግፊት ሕመምተኞችን ያካተተ ትልቅ ጥናት፣ ክሎርታሊዶን የሚባለውን አሮጌና ርካሽ የሚያሸና መድኃኒት ከሱ በኋላ ከመጡት ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር አወዳድሮ ነበር። የልብ ድካምን በመከላከል አሮጌው ከሁለቱም በለጠ፣ በዋናው መለኪያ ማለትም የልብ ድንገተኛ ጥቃት ወይ በልብ የደም ስር በሽታ መሞት ላይ ደሞ አልተበለጠም። ይሄ ማለት ለሁሉም ሰው ይሰጥ አይደለም፣ ሪህ ያለበት ሰው ላይ ለምሳሌ ያስቸግራል። ግን «ዶክተር ከዚሁ ዘር ረከስ ያለ ይኖራል ወይ፣ ይሄንን በየወሩ መግዛት አልችልም» ማለት ነውር አይደለም። ብዙ ሐኪም ዋጋውን አያውቀውም እኮ፣ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ የያዙትንም ጠይቁ፣ ለየብቻቸው ሲገዙ ሚረክሱበት ጊዜ አለ፣ በየቀኑ ሁለት ፍሬ መዋጥ ካልከበዳችሁ።

«ለሁለት እየቆረጥኩ ወይ ቀን እየዘለልኩ እቆጥባለሁ»

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀን መዝለል ቁጠባ አይደለም፣ ግፊቱ ወጥቶ አልጋ ላይ ሲጥላችሁ የምትከፍሉት ይበልጣል። መቁረጥ ግን ትክክለኛ ዘዴ የሚሆንበት አለ፦ ባለ 20 ሚሊግራሙና ባለ 10ሩ ዋጋቸው ሲቀራረብ ሐኪሙ ባለ 20ውን አዞ ግማሽ ግማሽ ውሰድ ሊል ይችላል። ፍሬው መሀል ላይ መሰንጠቂያ መስመር ሊኖረው ይገባል። ስሙ ጫፍ ላይ ኤክስአር፣ ኤስአር፣ ሪታርድ የሚል ካለበት፣ ወይ ጨጓራን አልፎ እንዲሟሟ የተሸፈነ ከሆነ በፍጹም እንዳትነኩት፣ ለሙሉ ቀን የታሰበው ባንዴ ሊለቀቅ ይችላል።

«የትም ይገዛ፣ ርካሽ ይሁን እንጂ»

ይሄ አያስኬድም፣ ፎርጅድን መፍራት ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርት አንዱ ደረጃውን ያልጠበቀ ወይ ፎርጅድ ነው። ግን ፎርጅድ የሚሰራ ሰው ብራንዱንም ይሰራዋል፣ እንደውም ውድ ስለሆነ እሱን ማስመሰል ያዋጣዋል። መለያው ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ሳይሆን የምትገዙበት ቦታ ነው፦ ፈቃድ ያለው ፋርማሲ፣ ያልተከፈተ እሽግ፣ የሚነበብ ባች ቁጥርና ቀን።

«ስሙ ከተለየ ሌላ መድኃኒት ነው»

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጡንቻዬን አመመኝ ብለው ማስታገሻ ሊገዙ መጡ። ሌላ የሚወስዱት ካለ ስጠይቃቸው ከኮታቸው ኪስ ሁለት ስትሪፕ አወጡ። አንዱ ሆስፒታል የተሰጣቸው፣ ሌላው ልጃቸው ከሌላ አገር የላከላቸው። ሳጥኑን ጥለውታል። ሁለቱንም ገልብጬ ከጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሁፍ አነበብኩላቸው፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም። «አባባ ሁለቱንም ነው ሚወስዱት?» ስላቸው «ማታ ማታ፣ አንዱ ለኮሌስትሮል አንዱ ለልብ ነው ብለውኝ» አሉኝ። ማስታገሻውን አልሸጥኩላቸውም፣ ልጃቸው የላከውን እንዲያቆሙ ነግሬ በዛው ቀን ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው፣ ጡንቻ ማመም የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጉዳቱ ነው፣ ሲደራረብ ደሞ ይብሳል።

ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ፣ በዛች በደቃቋ ስም የሚወስዱትን ሁሉ ልጃቸው በስልክ እየነገራቸው የጻፉት ወረቀት ይዘው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አርገው «ይሄው ልጄ፣ ኦሪጅናል የሚል ግን የትኛውም ላይ አጣሁበት» አሉኝ።