ፓሌኦክሪስታሎስ ምንድን ነው?

ፓሌኦክሪስታሎስ ቀለም የተቀባ የዶሮ አጥንት ባለቀለም ሬዚን ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ የጥበብ ሥራ ነው። ሬዚን መጀመሪያ እንደ ማር ይፈስሳል። ማጠንከሪያ ኬሚካል ሲገባበት ግን ይጠጥራል፤ ከጠጠረም በኋላ ብርሃን ያሳልፋል። አጥንቱ እዚያው ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል። መብራት ሲበራበት ቀለሙ ሁሉ ይፈካል፣ አጥንቶቹም እንደ ጥቁር መስመር ጎልተው ይወጣሉ።

ስሙንም ያወጣችው፣ ሥራውንም የፈጠረችው ፋህረልኒሳ ዘይድ ናት። ቱርክ ተወልዳ፣ ግማሽ ዓለም ዞራ፣ ዮርዳኖስ ያረፈች ሠዓሊ። ስለ እሷ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች አጥንቶቹን መጨረሻ ላይ እንደ አስገራሚ ወሬ ጣል አድርገዋቸው ያልፋሉ። እኔ ግን ሥዕሎቿን ለመረዳት ከእነሱ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

ፋህረልኒሳ በ1901 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የትውልድ ቦታዋ ከኢስታንቡል ወጣ ብላ ማርማራ ባሕር ላይ ያለችው የቡዩካዳ ደሴት ናት። ቤተሰቧ የኦቶማን ሹማምንት ነበሩ። አባቷ ሻኪር ፓሻ ዲፕሎማት ነበር፤ አጎቷ ደግሞ በሱልጣኑ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር እስከመሆን ደርሷል። ቤቱ የጥበብም ቤት ነው። ወንድሟ ጄቫት ሻኪር ስመ ጥር ደራሲ ሆነ። እህቷ አሊዬ በርገር ሠዓሊ፣ የእህቷ ልጅ ፉሬያ ኮራል ደግሞ የሴራሚክ ባለሙያ ሆኑ። ሐዘኑም ከባድ ነበር። እሷ ገና ልጅ ሳለች አባቷ በጥይት ተገደለ። በግድያው ተፈርዶበት የታሰረውም ያው ወንድሟ ነው።

በ1919 ኢስታንቡል ውስጥ የሴቶች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። በዓመቱ ኢዜት መሊህ ዴቭሪም የሚባል ደራሲ አገባች። የመጀመሪያ ልጃቸው በሕፃንነቱ በበሽታ ሞተባት። በ1928 ፓሪስ ሄዳ አካዳሚ ራንሶን ውስጥ ሮዤ ቢሲዬር ዘንድ ተማረች። ትዳሩ አልዘለቀም። በ1934 ከኢራቅ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልዑል ዘይድን አገባች፤ እሱም ዲፕሎማት ነበር። ከእሱ ጋር በርሊን፣ ከዚያም በ1938 ባግዳድ ኖረች። ባግዳድ አልተስማማቻትም። ጭንቀቱ ጠናባትና ሐኪሞች ከዚያ እንድትርቅ መከሯት።

የማረጋት ሥዕል ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኢስታንቡል ተመልሳ ‹‹ዲ ግሩፕ›› ከሚባሉት ዘመናዊ ሠዓሊዎች ጋር ተቀላቀለች። የዚያን ጊዜ ሸራዎቿ በሰው የተጨናነቁ ናቸው። ምንጣፍ አለ፣ ልብስ አለ፣ ፊት በፊት ላይ ተደራርቧል፣ ባዶ ቦታ ብሎ ነገር የለም። በ1945 የመጀመሪያዋን የግል ኤግዚቢሽን አዘጋጀች፤ የምታሳይበት ቦታ ስላልነበራት ሥዕሎቹን እዚያው አፓርታማዋ ውስጥ ሰቀለች።

በ1946 ባለቤቷ ለንደን የኢራቅ አምባሳደር ሆነ። ቀን የአምባሳደር ሚስት፣ እንግዳ ተቀባይ፤ ከዚያ ሲተርፋት ደግሞ ኤምባሲው ውስጥ ስቱዲዮ ባደረገችው ክፍል ትሥላለች። ሰዎቹ ከሸራዋ እየጠፉ የሄዱት በዚህ ጊዜ ነው። በ1947 የሠራችው አንዱ ሥዕል ርዕሱ ራሱ ‹‹ከረቂቅ ሥዕል ጋር የሚደረግ ትግል›› ነው። ረቂቅ ሥዕል ማለት ሰውን ወይም ዕቃን ሳያሳይ በመስመር፣ በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚሠራ ነው። በዚህኛው ግን ፊትና እጅ ከመስመሮቹ መሐል ብቅ ጥልቅ ይሉበታል። በኋላ ስታስታውስ፣ ዓለምን ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል ማየቷ አስተያየቷን እንደለወጠው ተናግራለች። ከዚያ ከፍታ መሬት ሁሉ መስመርና ቁርጥራጭ ነዋ።

‹‹የእኔ ሲኦል›› የሚለውን የ1951 ሥዕሏን እንይ። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ከአምስት ሜትር በላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ቁርጥራጮች እየተሳደዱ ሸራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞሉታል። ቁርጥራጮቹን የሚለያቸው መስመር ነው። መስመሩን ብታወጣው ቀለሙ እርስ በርሱ ይዋሐዳል፣ ሥዕሉም ይፈርሳል። የፋህረልኒሳ ጉልበት ያለው ቀለሙ ላይ ይመስለናል። እኔ ግን መስመሩ ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አጥንቶቹ ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

በ1954 ለንደን በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ተቋም (አይሲኤ) ብቻዋን ኤግዚቢሽን አቀረበች። ከዚያ በፊት እዚያ ብቻዋን ሥራዋን ያሳየች ሴት አልነበረችም። ጋዜጦቹ ግን ከሥዕሉ ይልቅ ልዕልትነቷን ማራገብ ይቀናቸው ነበር። ይህ ያናድደኛል። ማዕረጉ በር ከፍቶላታል፣ እውነት ነው። ያንኑ ያህል ግን ሥራዋን ሸፍኖባታል።

ሐምሌ 14 ቀን 1958 ባግዳድ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። ወጣቱ ንጉሥ ፋይሰል ዳግማዊና ቤተሰቡ ተገደሉ። ልዑል ዘይድና ፋህረልኒሳ በዚያ ሰሞን ለእረፍት ጣሊያን፣ ኢስኪያ ደሴት ላይ ነበሩ። የተረፉትም በዚህ ነው። ለንደን ያለውን ኤምባሲ በአንድ ቀን ውስጥ ለቀው እንዲወጡ ተነገራቸው። አፓርታማ ተከራዩ። ፋህረልኒሳም በ57 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤት ገብታ ምግብ አበሰለች።

አጥንቶቹ የመጡት ከዚያ ወጥ ቤት ነው። የበሉትን ዶሮ አጥንት መጣል አስጠላት። አጥባ፣ አድርቃ፣ እያንዳንዱን እንደ ትንሽ ሸራ ትቀባው ጀመር። ቆይታ ሬዚን ውስጥ ትከታቸው ጀመር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መብራት እያበራች፣ በሚሽከረከር መቆሚያ ላይ እያስቀመጠች ታሳያቸው ነበር። በ1969 ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ቀረቡ።

አሁን ወደ መስመሩ እንመለስ። ሸራ ላይ ቀለሙን ሲከፋፍል የነበረው ጥቁር መስመር እዚህ አጥንት ሆኗል። ቀለሙ ከሸራ ላይ ተነሥቶ ብርሃን የሚያልፍበት ግግር ሆኗል። ቁርጥራጩ፣ መስመሩ፣ ጭንቅንቁ፣ ሁሉም እዚያው አለ። የተጨመረው ብርሃንና እንቅስቃሴ ነው። ፓሌኦክሪስታሎስን ሥራ የፈታች ባላባት መዝናኛ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ‹‹የእኔ ሲኦል›› ፊት ቢቆሙ ያው እጅ መሆኑ ይገባቸዋል። ሸራውን ኢስታንቡል ሞደርን ሙዚየም ውስጥ ያገኙታል።

ልዑል ዘይድ በ1970 አረፈ። እሷ በ1975 ልጇ ወዳለበት አማን ሄደች፤ በማግስቱ ዓመት በስሟ የሥነ ጥበብ ተቋም አቋቁማ ቤቷ ውስጥ ሴቶችን ማስተማር ያዘች። ያስተማረቻቸው በአብዛኛው ረቂቅ ሥዕል ነው። እሷ ራሷ ግን ወደ ሰው ፊት ተመልሳ ነበር። ዓይናቸው ትልልቅ፣ አንገታቸው ረዥም የሆኑ የዘመድና የወዳጅ ሥዕሎች ናቸው። በ1991 አማን ውስጥ ሞተች። ለንደን ያለው ቴት ሞደርን ትልቁን የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀላት በ2017 ነው፤ ከሞተች 26 ዓመት በኋላ።