«ታይሚንጉ ሄዷል» እና ሌሎች የቮልስ ተረቶች

የድሮ ቮልስ ጠዋት አልነሳ ሲል ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ጎረቤት፣ ዘበኛ፣ አላፊ አግዳሚ። የሚሉት ደግሞ አንድ ነው፦ «ታይሚንጉ ሄዷል።» ካንዴላው ብልጭ የሚልበት ቅጽበት ተዛብቷል ማለታቸው ነው። ወዲያው አንዱ ቁልፍ ይዞ ዲስትሪቢዩተሩን (ካረንቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ፈትቶ ያዞረዋል። እኔ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተጎትቶ።

ለመሆኑ ታይሚንግ የት ይሄዳል? ማታ በሰላም የገባ መኪና፣ የዲስትሪቢዩተሩ ማሰሪያ ካልላላ በቀር ታይሚንጉ እንዲሁ በአንድ ሌሊት አይዛባም። የሚያልቀው ፑንቲናው ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ ካረንቱን የሚቆርጠው። ፑንቲናውን የሚከፍተው ካሙ (ዲስትሪቢዩተሩ መሃል የሚዞረው ጉብ ጉብ ያለ ዘንግ) ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ፋይበር ነው። ግራሶ ካጣ ቶሎ ይበላል፣ ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻ ጭራሽ አይከፈትም። ካልተከፈተ ደግሞ ካንዴላ ጋ የሚደርስ ካረንት የለም። አንድ ደንበኛዬ አዲስ ኮይል (የባትሪውን ካረንት ለካንዴላ የሚያበረታው) እና አዲስ ባትሪ ገዝቶ፣ ዲስትሪቢዩተሩንም አስዙሮ መጣ። ክዳኑን ሳነሳው ፑንቲናው ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፑንቲና። ፋይበሩ ካሙ ጫፍ ላይ ሲወጣ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ) 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ታይሚንግ ከዚያ በኋላ ነው። ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ ገልብጦ የሠራ ሰው ሥራውን እንደገና ይጀምራል።

«ታይሚንግ በጆሮ ነው» የሚሉም አሉ። የማይነሳ ሞተር ምኑ ይሰማል? አንድ አምፖል ይበቃል፤ የመኪናው ባትሪ 6 ቮልት ከሆነ የ6፣ 12 ከሆነ የ12። አንዱን ሽቦ ኮይሉ ላይ 1 ቁጥር ከተጻፈበት፣ ሌላውን ከቦዲ ጋር እሰሩ። የሞተሩን ፑሊ (ቺንጋው የተጠመጠመበትን) በሰዓት አቅጣጫ አዙራችሁ ጠርዙ ላይ ያለውን ምልክት ሞተሩ ለሁለት ከተጋጠመበት መስመር ጋር አገናኙ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተርም ጠርዙ ላይ ወዳለችው ጭረት ይመልከት። ቁልፉን ክፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን በሰዓት አቅጣጫ አምፖሉ እስኪጠፋ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ መልሱት። ልክ ሲበራ አቁሙና እሰሩ። በብዙዎቹ የድሮ 1200 እና 1300 ሞተሮች ልኩ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት ነው። የኋለኞቹ ይለያያሉ፤ የሁሉም ፑሊ ጭረት አንድ አይደለም። ቁልፉንም ከፍታችሁ ወሬ አትጀምሩ፣ ኮይሉ ይግላል።

«የካንዴላ ገመዱ ተራ እንደ ሌላው መኪና 1-3-4-2 ነው።» አይደለም። ቮልስ 1-4-3-2 ነው። ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም 1 ቁጥር ሲሊንደር በቀኝ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው።

«ካንዴላው አየር ላይ ብልጭ ካለ ደህና ነው።» ሲሊንደር ውስጥ ግፊት አለ፣ ደካማ ብልጭታ እዚያ አይወጣውም። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ኮንዴንሰሩን (ዲስትሪቢዩተሩ ላይ የታሰረችውን ትንሽ ቆርቆሮ) ጠርጥሩ።

«ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን አፍስበት።» ካረንት ከሌለ ምንም አይፈይድም። ካለ ደግሞ እሳቱ በካርቡራተሩ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፣ እጃችሁም እዚያው ነው።