የኒጀር የውስጥ ዴልታ ምንድን ነው?

ዴልታ የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ ተበታትኖ የሚሠራውን ለም ሜዳ ነው፤ ዓባይ ሜዲትራኒያን ከመድረሱ በፊት ግብፅ ውስጥ የሚዘረጋው ምድር የታወቀው ምሳሌ ነው። በዛሬዋ ማሊ መካከል፣ ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ ሌላ ዴልታ አለ። የኒጀር ወንዝ እዚያ ሲደርስ ባሕር ያገኘ ይመስል ወደ ብዙ ቅርንጫፍ ይከፋፈላል፣ ሐይቅና ረግረግ ይሠራል፣ ሜዳውን ይሸፍናል፤ ከዚያም ውሃው እንደገና ተሰብስቦ አንድ ወንዝ ሆኖ ጉዞውን ይቀጥላል። የኒጀር የውስጥ ዴልታ የሚባለው ይህ ስፍራ ነው።

ወንዙ የሚነሣው ከጊኒ ደጋማ ምድር ነው። ምንጩ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢርቅም ወደ ቅርቡ ባሕር አይወርድም፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሮ ወደ በረሃው ይሄዳል፣ ከቲምቡክቱ በኋላ ታጥፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይመለሳል፣ በድምሩ 4,180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ናይጄሪያ ውስጥ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህን እንግዳ ቅርጽ የሚያስረዱት በጥንት ዘመን ሁለት የተለያዩ ወንዞች እንደነበሩ በመግለጽ ነው፤ የላይኛው ወንዝ ከቲምቡክቱ በስተ ሰሜን ባለ መውጫ በሌለው ዝቅተኛ ምድር ውስጥ ይጠራቀም ነበር፣ ከታችኛው ጋር የተገናኘው በኋላ ነው። አውሮፓውያን ስለዚህ ወንዝ ለብዙ ዘመናት ሲከራከሩ ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ሙንጎ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1796 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዛሬዋ ማሊ ከተማ ሴጉ ደርሶ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ እስኪያየው ድረስ አቅጣጫው እንኳ አልታወቀላቸውም ነበር፤ መጨረሻው ባሕር መሆኑን ያረጋገጡትም የላንደር ወንድማማቾች በ1830 ቁልቁል ተከትለውት በመውረዳቸው ነው። ለዳርቻው ነዋሪዎች ግን ወንዙ መንገዳቸው፣ ገበያቸውና የቀን መቁጠሪያቸው ነበር፤ ስለዚህ ‹አገኘነው› የሚለው ቃል ለእንግዶቹ እንጂ ለእነርሱ የሚስማማ አይደለም።

ዴልታው ከሴጉ በታች ይጀምርና እስከ ቲምቡክቱ አቅራቢያ ይዘልቃል። ከደቡብ የሚመጣው ትልቁ ገባር ባኒ ሞፕቲ ከተማ ላይ ከኒጀር ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ በስተ ሰሜን ዴቦ ሐይቅ ይገኛል። ምድሩ እጅግ ጠፍጣፋ በመሆኑ የወንዙ ቁልቁለት በአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ውሃው የሚዘገየውና የሚሰፋው ለዚህ ነው። እየሰፋ ሲሄድ ፀሐይ ታተነዋለች፣ መሬቱም ይመጥጠዋል፣ በመሆኑም ወደ ዴልታው ከሚገባው ውሃ እስከ ግማሽ የሚጠጋው ሳይወጣ ይቀራል። ከ4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሆነው ይህ ስፍራ በ2004 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች መካከል ተመዝግቧል።

የአካባቢውን ሕይወት ለመረዳት ከስፋቱ ይልቅ የውሃውን ጊዜ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ጊኒ ውስጥ ዝናቡ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ሙላቱ ግን ሞፕቲ ላይ ከፍ የሚለው በጥቅምትና በኅዳር፣ ቲምቡክቱ አካባቢ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ነው። ቲምቡክቱ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ብቻ የምታገኝ የበረሃ ደጃፍ ስትሆን፣ ውሃው የሚደርስላት ሰማዩ ከደረቀ ከወራት በኋላ ነው። በአማርኛ ጎርፍ ስንል የሚታየን ጠርጎ የሚወስድ ደራሽ ውሃ ነው፤ ለዴልታው የሚስማማው ቃል ግን ሙላት ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ለወራት ይተኛል፣ ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ እዚያ የሚፈራውም መምጣቱ ሳይሆን መቅረቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ቁራሽ ሜዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገር ይሆናል። ሲሞላ ዓሣ የሚራባበት ውሃ ነው፤ ከውሃው ጋር አብሮ የሚያድግ ሩዝ የተዘራበትም እርሻ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በበጋው ድርቅ መካከል አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ግጦሽ ነው። ዴልታውን ልዩ የሚያደርገው፣ በእኔ እምነት፣ ሕዝቦቹ ከመሬቱ ይልቅ ወቅቱን ተካፍለው መኖራቸው ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል እንጂ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ አጥሮ አልተቀመጠም። የአካባቢው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ተራ ታሪክ ነው።

ውሃው የቦዞዎች ነው። ቦዞዎች በዴልታው ቀደምት ነዋሪነታቸው በጎረቤቶቻቸው ሁሉ የሚታወቅላቸው ዓሣ አስጋሪዎች ሲሆኑ ‹የውሃ አባት› ልንለው የምንችለው ሹማቸው መቼና የት መረብ እንደሚጣል ይወስናል። ዓሦቹ በሙላት ጊዜ ወደ ሜዳው ወጥተው ይራባሉ፣ ውሃው ሲጎድል ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ ቦዞዎችም የዓሣውን መንገድ ተከትለው ይጓዛሉ። ሩዙን የሚያመርቱት በተለይ ማርካዎች፣ ባምባራዎች፣ በሰሜንም ሶንጋዮች ናቸው። የአፍሪካ ሩዝ የሚባለው፣ ከእስያው የተለየው ዝርያ፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ለማዳ የሆነው በዚሁ አካባቢ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

ግጦሹ የፉላኒዎች ነው። ራሳቸውን ፉልቤ የሚሉት እነዚህ ከብት አርቢዎች ከሴኔጋል እስከ ሱዳን በተዘረጋ ምድር ላይ ይኖራሉ፤ በሱዳን በኩል ወደ ጋምቤላና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚገቡት፣ አገራችን ውስጥ ፈላታ በሚል ስም የሚታወቁት አርብቶ አደሮች የዚሁ ሰፊ ሕዝብ ምሥራቃዊ ክፍል ናቸው። በዴልታው ለከብቶቻቸው የሚፈልጉት ቡርጉ የሚባለውን የውሃ ሣር ነው። ቡርጉ ከሙላቱ ጋር እየረዘመ ግንዱ ብዙ ሜትር ይደርሳል፤ ውሃው ሲሸሽ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ከብቱም እስከ ቀጣዩ ክረምት በእርሱ ይኖራል። ከግንዱ የሚጨመቀው ጣፋጭ ፈሳሽም በሰሜን በኩል ለመጠጥ ይውላል።

ዶጎኖች ከዴልታው በስተ ምሥራቅ በባንዲያጋራ ገደል አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ዴልታው ውስጥ ባይኖሩም ከታሪኩ ሊነጠሉ አይችሉም። ቦዞና ዶጎን እርስ በርስ አይጋቡም፣ ነገር ግን ሲገናኙ ያለ ቅያሜ ይሳደባሉ፣ ይቀላለዳሉ፤ ይህ የቀልድ ዝምድና የቆየ ቃል ኪዳን ምልክት ተደርጎ ይታያል።

ይህ አኗኗር ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያሳየው የጄኔ-ጄኖ ቁፋሮ ነው። ከዛሬዋ ጄኔ ከተማ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ጉብታ ላይ ሮድሪክና ሱዛን ማኪንቶሽ በ1977 እና በ1981 ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ሰፈራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 ገደማ ተጀምሮ፣ በ9ኛው መቶ ዓመት 33 ሄክታር የሸፈነና ሁለት ኪሎ ሜትር በሚያህል ግንብ የተከበበ ከተማ እንደነበረ ታወቀ። ግኝቱ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት የምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የተወለዱት የአረብ ነጋዴዎች ሰሐራን አቋርጠው በመምጣታቸው ነው የሚለው አመለካከት ሰፍኖ ነበር። ጄኔ-ጄኖ ግን ከዚያ ንግድ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድማ ሩዝ የምታመርት፣ ብረት የምትሠራ፣ በደለል ሜዳዋ ላይ የማይገኘውን ድንጋይና የብረት አፈር ከሩቅ የምታስመጣ ከተማ ነበረች። ይበልጥ የሚያስደንቀው የቤተ መንግሥት ምልክት አለመገኘቱ ነው። ከተማዋ ተቀራርበው በተቀመጡ ብዙ ጉብታዎች የተከፋፈለች ስትሆን፣ ቆፋሪዎቹ በየጉብታው ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች ያለ አንድ ገዢ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር ብለው ተርጉመውታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ ዴልታውን ፈልገውታል። የጥንቱ የማሊ መንግሥት እህሉን፣ ዓሣውንና የወንዝ መንገዱን ይዞ ገነነ፤ የሶንጋዩ ንጉሥ ሱኒ ዓሊ በ1468 ቲምቡክቱን ከያዘ በኋላ ጄኔን ከበበ። የ17ኛው መቶ ዓመት የቲምቡክቱ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል-ሳዲ እንደተረከው ከበባው ሰባት ዓመት ከሰባት ወር ከሰባት ቀን ፈጅቷል፤ ሙላቱ ከተማዋን ደሴት ሲያደርጋት ከባቢው ጦር ወደ ኋላ ተመልሶ እያረሰ ይቆይና ውሃው ሲሸሽ እንደገና ውጊያውን ይጀምር ነበር። ቁጥሩ የተረት ጣዕም ቢኖረውም ጦርነት እንኳ ለወንዙ ተራ መገዛቱን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። በ1591 የሞሮኮ ጦር ቶንዲቢ ላይ ሶንጋይን ድል አድርጎ ግዛቱን በታተነ።

የጄኔ ታላቁ መስጊድም ከሙላቱ ጋር የተሳሰረ ነው። የአሁኑ ሕንፃ በ1907 የተሠራ ሲሆን ከጄኔ ጥንታዊ ሰፈሮች ጋር በ1988 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግድግዳው በየዓመቱ በሕዝብ ደቦ እንደ አዲስ ይመረጋል። እኛ ለምርጊት ጭቃን ከጭድ ጋር እንደምናቦካ ሁሉ የጄኔ ግንበኞች የሩዝ ገለባ ይጠቀማሉ፤ ጭቃውም ገለባውም ወንዙ ካጠጣው ሜዳ የሚገኙ ናቸው።

ወቅትን የመካፈሉ ልማድ የተጻፈ ሕግ የሆነው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የፉላኒው የሃይማኖት መምህር ሴኩ አማዱ በ1818 ኑኩማ ላይ የሴጉን ጦርና የቀድሞዎቹን የፉላኒ ባላባቶች ድል አድርጎ ዲና፣ በአካባቢው ስምም የማሲና መንግሥት የሚባለውን እስላማዊ መንግሥት መሠረተ፤ ዋና ከተማውንም ሐምዳላሂ አላት፣ ትርጉሙ ‹ምስጋና ለአላህ› ነው። አርባ አባላት ያሉት ታላቅ ሸንጎ አገሩን ይመራ ነበር። ዲና የግጦሽ ቀበሌዎችን ለየ፣ የከብት መንገዶችን ከእርሻ ለየ፣ የትኛው መንጋ ቀድሞ የትኛው ተከትሎ ወደ ቡርጉው እንደሚገባ ወሰነ፣ በየቀበሌው ግጦሹን የሚያስተዳድሩትን ጆውሮዎች ሥልጣን አጸና። ሥርዓቱ ለሁሉ እኩል አልነበረም፤ ጆውሮዎቹ ፉላኒዎች ነበሩ፣ ሩዙንም ለእነርሱ ያርሱ የነበሩት ሪማይቤ የተባሉት አገልጋዮቻቸው ናቸው። ይህን ሳይጠቅሱ ዲናን ብቻ ማወደስ ታሪኩን ማጉደል ነው። መንግሥቱ በ1862 በአል-ሐጅ ዑመር ታል ጦር ፈረሰ፣ በ1890ዎቹም ፈረንሳዮች አካባቢውን ያዙ፤ የመንጋው ተራ ግን መንግሥታቱ ካለፉ በኋላም ኖረ።

ይህ ተራ በዓይን የሚታየው በዴልታው ውስጥ ወንዝ ዳር ባለችው በዲያፋራቤ ነው። ክረምቱን ራቅ ባለው ሳህል፣ ማለትም በሰሐራ ጠርዝ ባለው ደረቅ ምድር፣ ያሳለፉት መንጋዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ወንዙ ዳር ይደርሳሉ፤ የሚሻገሩበት ቀን የውሃው ከፍታና የሩዙ አጨዳ ታይቶ በስብሰባ ይቆረጣል፣ ምክንያቱም ሩዙ ሳይሰበሰብ ከብት ከገባ ጠብ ነው። ቀኑ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ይዋኛሉ፣ ለወራት ርቀው የቆዩ ወጣት እረኞች ለከብቶቻቸው የገጠሙትን ግጥም ያሰማሉ፣ ከብቱን አወፍሮ የመለሰ ይሸለማል። ያራልና ዴጋል የሚባሉት እነዚህ በዓላት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

ተራው የተናጋው ውሃው ሲያጥር ነው። በ1973 እና በ1984 ድርቆች ሙላቱ እጅግ አነሰ፣ ከብት በብዛት አለቀ፤ ገበሬዎችም ውሃው ወደሚቆይባቸው ዝቅተኛ ስፍራዎች፣ ማለትም ወደ ቡርጉው ሜዳ፣ ሩዝ ይዘው ወረዱ። በ1947 የተጠናቀቀው የማርካላ ግድብ ከዴልታው በላይ ውሃውን ወደ መስኖ እርሻ ይጠልፋል፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የሴሊንጌ ግድብም ከሙላቱ ጊዜ ውሃ ይይዛል። መሬት የመንግሥት ነው የሚለው ሕግ ከጆውሮው ሥልጣን ጋር ሲጋጭ ባለጉዳይ ወደ ሁለት ዳኞች ይሮጣል፤ ጆውሮዎቹም ከግጦሽ የሚያስከፍሉት ገንዘብ እየጨመረ ሄዶ ድሆቹን እረኞች አስከፋ። በ2012 የሰሜን ማሊ ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በተለይም ከ2015 ጀምሮ፣ በሰባኪው አማዱ ኩፋ የሚመራው ታጣቂ ቡድን የማሲናን ስም ይዞ ሲነሣ ከቅሬታዎቹ አንዱ ይኸው ክፍያ ነበር። በአጸፋው ከዶጎንና ከሌሎችም የተውጣጡ ታጣቂዎች ተደራጁ፤ መጋቢት 2019 ባንካስ አካባቢ በምትገኘው ኦጎሳጉ መንደር ከ150 በላይ ፉላኒዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለውን እልቂት የዘመናት የጎሳ ጥላቻ ውጤት አድርጎ መግለጽ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ሕዝቦች ይጣሉም ነበር፣ ግን የመታረቂያ መንገድ ነበራቸው።

የመንገዱ ርዝራዥ ዛሬም ዴቦ ሐይቅ አጠገብ ይታያል። በዩዋሩ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ከ1980ዎቹ ድርቅ በኋላ በባለሙያዎች እየተረዱ አካጉን የሚባለውን፣ በሙላት ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚቆመውን ጫካ መልሰው አስነሡ፣ ቡርጉም በእጃቸው ተከሉ። ዛፎቹ ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል፣ ሥሮቹ መካከል ዓሣ ይራባል፣ ውሃው ሲሸሽም ከብት ይገባል፤ የሚገባበትን ቀንና የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስኑት የመንደሮቹ ሰዎች ራሳቸው ተስማምተው ባወጡት ደንብ ነው።