የቤት ውስጥ ተክሎች ቅርፊታም ተባይ

ቅርፊታም ተባይ ወይም ስኬል ሲያዩት ነፍሳት አይመስልም። አይሄድ፣ አይበር። ግንድ ላይ ወይም ከቅጠል ስር ተለጥፎ የሚኖር ቡናማ ጠቃጠቆ ነው። የተክሉ ቅርፊት መስሎት ለወራት የሚያሳድገው ሰው ብዙ ነው። ፊከስ፣ ሎሚ፣ ኦርኪድና ዘንባባ ላይ በብዛት ይገኛል። ለቀይ ቀለም የሚረባው ኮቺኒልም ዘመዱ ነው። ትግራይ ውስጥ ለቀለም ተብሎ ገብቶ በለሱን ያጠቃው እሱ ነው።

ከተጠራጠሩ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ተላቆ ከተነሳ ስኬል ነው። ፈርን በሚባለው አበባ የሌለው ባለ ቅጠል ተክል ላይ ግን ቀስ ይበሉ፤ ከቅጠሉ ስር በሥርዓት የተደረደሩት ቡናማ ነጥቦች የራሱ የተክሉ መራቢያ ናቸው።

ለስላሳ ቅርፊት ያላቸው ዓይነቶች የተክሉን ፈሳሽ መጥጠው የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ያወጣሉ። ቅጠሉ ይወዛል፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጉንዳን ይሰለፍበታል። ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው ግን ይህን አያወጡም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ነው።

አስቸጋሪው ነገር ቅርፊቱ ነው። የሚረጭ መድኃኒት እሱን አልፎ አይገባም፤ እንቁላሎቹም ብዙ ጊዜ ከእናትየዋ ስር ተከልለው ይቀመጣሉ። ገና የተፈለፈሉት ግን ቅርፊት የላቸውም። ቦታ ፍለጋ ሲድሁ በቀላሉ ይሞታሉ። አንዴ ረጭቶ መተው የማይሠራው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ተክሉን ከሌሎቹ ይለዩ፤ በጣም የተጎዳውን ቅርንጫፍ ይቁረጡ። የሚታየውን ሁሉ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው ያንሱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይሄ ነው። ከዚያ ለተክል የተዘጋጀ ሳሙና ወይም የኒም ዘይት በውሃ በጥብጠው፣ የቅጠሉን ስር ሳይረሱ፣ በየ7 እስከ 10 ቀኑ ደጋግመው ይርጩ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ግን ቅጠል ያቃጥላል። ማንኛውንም ነገር አስቀድመው በአንድ ቅጠል ይሞክሩ፤ በተለይ ፈርን አልኮልና ዘይት አይችልም። ፀሐይ ላይ አይርጩ።

በሥር የሚገቡት እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉ መድኃኒቶች ለለስላሳዎቹ ይሠራሉ፤ ጠንካራ ቅርፊት ባላቸው ላይ ግን ደካማ ናቸው። ፍሬው የሚበላ ሎሚ ላይ ባይሞክሩት ይሻላል። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ከተሸፈነ ደግሞ ተክሉን መጣል ነው፤ አጠገቡ ያሉት ተክሎች ይተርፋሉ።