«እዚህ ደግሞ ማን ይኖራል?»

እንግዳ ይዤ ከመቀሌ በበርሃሌ በኩል ወደ ዳሎል በወረድኩ ቁጥር፣ የጨው ሜዳው ብቅ ሲል ይህቺ ጥያቄ አትቀርልኝም። የምታድሩበት ሐመድ ኤላ መንደር አይደለችም እንዴ?

መጀመሪያ እናንተ እንግዶች ስለ ዳሎል የምትሏቸውን ትንንሽ ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ። ዳሎል የዓለም ዝቅተኛ ቦታ አይደለም። የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ያህል ነው፤ በአፍሪካም የጅቡቲው አሳል ሐይቅ 155 ሜትር ወርዶ ይቀድመናል። የቀለጠ ድንጋይ የሚፈላውም ኤርታ አሌ ላይ ነው፤ ዳሎል ያለው ቢጫና አረንጓዴ አሲድ ነው፣ ጫማችሁን ጠብቁ።

«በረሃ ሌሊት ይበርዳል» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አንዱ ከአዲስ አበባ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ መጣ። ውጭ በገመድ አልጋ አስተኛነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሸሚዙን አውልቆ ውሃ ሲለምን አገኘሁት። ዳሎል ዝነኛ የሆነው በአንድ ቀን ሙቀት አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመዘገበው የዓመት አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሌሊቱም ተቆጥሮ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዋ። ኤላ በአፋርኛ የውሃ ጉድጓድ ነው። ሐመድ ኤላ፣ የሐመድ ጉድጓድ። ሰው በሌለበት ጉድጓድ በሰው ስም ይጠራል? ቅድመ አያቶቻችሁ ገበያ ወጥተው የሚከፍሉበት አሞሌ ጨውስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ጣሊያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኤርትራ ከቀይ ባሕር ዳርቻው መርሳ ፋጥማ ወደ ኮሉሊ የባቡር ሐዲድ የዘረጉት ለዚሁ አካባቢ ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን) ብለው ነው።

ካላመናችሁ ማልዳችሁ ሜዳው ላይ ውረዱ። አንዱ ረጅም እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ሰክቶ ጨዉን ይፈነቅላል፤ ሌላው ቁጢጥ ብሎ በመጥረቢያ እየጠረበ አራት ማዕዘን ያወጣዋል። ፈንቃዮቹ በአብዛኛው ከትግራይ ደጋ የወረዱ፣ ጠራቢዎቹ አፋሮች ናቸው። መለኪያ ሳይዙ አንዱን አሞሌ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። አንድ እንግዳዬ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ «ባለቤት የለውም አይደል?» ብሎ ስባሪውን ኪሱ ሊከት ነበር!

«አስፋልት ከገባ ሁሉም ተጠቅሟል» የሚለውንም ተዉት። ጨው በመኪና ለሚጭነው ነጋዴ እውነት ነው፤ በግመል እየጫነ ለሚኖረው ግን ተቀናቃኝ ነው የመጣበት።

ስትወርዱ ውሃ በብዛት ያዙ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። «እዚህ ማን ይኖራል?» የምትሉት ደግሞ አልጋውን ያከራየቻችሁ ሴት አጠገብ ቆማ ነው። አማርኛ ትሰማለች።