የቆርቆሮ ጣሪያ ጥገና በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ አንዳንዴ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚችለው አንድ ስስ ቆርቆሮ ነው።

ጣሪያ የሚያፈሰው በክረምት ቢሆንም የሚጎዳው በበጋ ነው። ቆርቆሮው ቀን ሲግል ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲበርድ ይሰበሰባል። ማታ ከላይ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ሚስማሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየላላ ቀዳዳው ይሰፋል። ከሥር ያለው እንጨት ብዙ ጊዜ በምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡን ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይለቃል።

ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው ከሚስማር ነው። የቆርቆሮ ሚስማር ቆብ አለው፤ ከቆቡ ሥር ጎማ ይገባል። የሚመታውም በጉብታው ላይ ነው፤ ውኃው የሚሄደው በጎድጓዳው ነዋ። ጎማውን ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ክብ ቆርጦ የሚተካ ሰው አለ፤ አትሳቁ፣ ይሠራል። የማይሠራው የላላውን ሚስማር እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ መቀጥቀጥ ነው። ነቅሎ ቦታ መቀየር፣ የድሮውንም ቀዳዳ በሬንጅ ወይም በሲሊኮን መድፈን ይሻላል። ጣሪያ ላይ ሲወጡ የሚረገጠው የሚስማሩ መስመር ነው። እንጨቱ ያለው እዚያ ሥር ነው።

ቀዳዳውን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጠብታው አልጋ ላይ ወደቀ ማለት ቀዳዳው ከአልጋው በላይ ነው ማለት አይደለም። ውኃው እንጨቱን ተከትሎ ሁለት ሦስት ሜትር ሊሄድ ይችላል። ቀን ላይ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ብርሃን የሚያስገባውን ነጥብ መፈለግ ያዋጣል።

ቆርቆሮ መቀየር ካስፈለገ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ ማየት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያስባል። ባለ 35 ጌጁ ርካሽ ነው፣ ከባለ 28ቱ ይልቅ ግን በረዶ በቀላሉ ይሰረጉደዋል። አዲሱ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር፣ ከታችኛው በላይ ይገባል።

አሸንዳም ይረሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና በረዶ ሲደፍነው ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው ይገባል። ደኅና ቆርቆሮ በከንቱ የሚነቀለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በገጠር የሰንበሌጥ ክዳን አሁንም አለ። የምድጃ ጭስ ከነፍሳት ስለሚጠብቀው እሳት የማይነድበት ጎጆ ክዳኑ ቶሎ ይበላል።

የማን ጣሪያ ነው የሚለውም ያጨቃጭቃል። በ1967 በወጣው የትርፍ ቤት አዋጅ መንግሥት በያዛቸው የቀበሌ ቤቶች ተከራዩ ለማደስ የወረዳውን ፈቃድ ይጠይቃል። በኮንዶሚኒየም ጣሪያው የሁሉም ነው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ያደርገዋል። የሚንጠባጠብበት ግን የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻ ነው። ምድር ቤት ያለውን ጎረቤት መዋጮ አስከፍሉት እስቲ።

ጥሩው ጊዜ ከፋሲካ በኋላ፣ ሰኔ ሳይገባ ነው። የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱት በጎ ፈቃደኞች ግን የሚሰባሰቡት ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ነው። ስለዚህ ሸራ ወጥረው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል እየጠበቁ ይሠራሉ።