ስፔክ ሲፒዩ፦ ኮምፓይለር በምን ሁኔታ ተለካ?

ስፔክ ሲፒዩ የፕሮሰሰርን፣ የሜሞሪንና የኮምፓይለርን (ሰው የጻፈውን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠውን ፕሮግራም) አቅም አንድ ላይ የሚፈትን የፕሮግራሞች ጥቅል ነው። የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ስፔክ የተባለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ናቸው። ውጤት ከመታተሙ በፊት የሚመረምሩትም እነሱው ናቸው። ተቀናቃኝ ደግሞ በቀላሉ አያሳልፍም።

ከስፔክ በፊት ዌትስቶንና ድራይስቶን የተባሉ የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራሞች ነበሩ። ትንንሽ ስለሆኑ ጎበዝ ኮምፓይለር ከሥራቸው ከፊሉን ቆርጦ ይጥለው ነበር።

የ1989ኙ ጥቅል 10 ፕሮግራሞች ነበሩት። ነጥቡ የሚሰላው ቫክስ 11/780 ከተባለው ኮምፒውተር ጋር በማነጻጸር ነበር። ከአሥሩ አንዱ፣ ማትሪክስ300፣ ማትሪክስ ከማባዛት ሌላ ብዙም ሥራ አልነበረውም። ኮምፓይለሮች ስሌቱን ካሽ (የፕሮሰሰሩ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ በሚገባ መጠን መከፋፈል ሲጀምሩ የዚህ ፕሮግራም ነጥብ ተተኮሰ። አማካዩንም ይዞት ወጣ። ማጭበርበር ነበር ማለት ይከብዳል፤ ዘዴው ለሌላም ኮድ ይሠራል። ያም ሆነ ይህ በ1992ቱ ጥቅል ውስጥ ማትሪክስ300 የለም። ከዚያ የ1995፣ የ2000 እና የ2006 ጥቅሎች ተከተሉ።

የ2017ቱ 43 ፕሮግራሞች አሉት። ሕጉም ጥብቅ ነው፣ ደግሞም ሲያንሰው ነው። ሁለት ዓይነት ነጥብ አለ። በ"ቤዝ" በአንድ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ሁሉ በተመሳሳይ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ የቅንብር ትእዛዝ) እና በተመሳሳይ የፍላጎች ቅደም ተከተል በኮምፓይለሩ ያልፋሉ። በ"ፒክ" ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚስማማውን መምረጥ ይቻላል። ሰው በተለምዶ ኮዱን በኮምፓይለር የሚያሳልፍበትን መንገድ የሚመስለው ቤዝ ነው፤ ማስታወቂያ የሚወደው ፒክን ነው። ሦስት ጊዜ ከተሞከረ መካከለኛው ሰዓት ይያዛል፣ ሁለቴ ከሆነ የዘገየው። ከነጥቡ ጋር የኮምፓይለሩ ስሪት፣ ፍላጎቹ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ሜሞሪውና የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ቅንብሩ አብረው ይታተማሉ።

ይህ ዝርዝር በ2024 ጠቀመ። ስፔክ የኢንቴል ኮምፓይለር ዛላንቢኤምኬ ለተባለው ፕሮግራም ብቻ የሚጠቅም ማሻሻያ እንደያዘ ደረሰበት። ከ2,600 በላይ ውጤቶች ላይም ማሳሰቢያ ለጠፈ። የኮምፓይለሩ ስሪት ባይመዘገብ የትኞቹ እንደተነኩ መለየት አይቻልም ነበር።

ሕጉ የማይደርስበትም ነገር አለ። በ2009 የታተመ ጥናት የ2006ቱን የሲ ፕሮግራሞች ሞክሮ ነበር። እንዳገኘውም፣ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች (ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለፕሮግራሙ የሚያስተላልፋቸው ቅንብሮች) መጠን ወይም ፋይሎች ሊንክ የሚደረጉበት (ወደ አንድ ፕሮግራም የሚገጣጠሙበት) ቅደም ተከተል ሲቀየር ፍጥነቱም ይቀየራል። ኦ3 የተባለው የኮምፓይለር የማፍጠኛ ደረጃ ዝቅ ካለው ከኦ2 ይሻላል የሚለው ድምዳሜ ራሱ ሊገለበጥ ይችላል። አጥኚዎቹ ያቀረቡት አንዱ መፍትሔ ሙከራውን ቅንብሩን በዘፈቀደ እየቀያየሩ መደጋገም ነው።